የጓዳ ፈተና፤ በጦርነት ዘመን ስለ እህልና ስለ ጎረቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስለ ጦርነት በየዘመኑ ብዙ ተጽፏል፤ ነገር ግን አብዛኛው የተጻፈው ስለ ዘመተውና ስለ ተኮሰው፣ ስለ ማረከውና ስለ ተማረከው ነው። ጠመንጃ ሳያነሣ፣ ምሽግ ሳይገባ፣ ደጁን ዘግቶ ልጆቹን አቅፎ የጦርነቱን ወራት ስላሳለፈው ሰው የተጻፈው ጥቂት ነው። የዚህ ሰው የጦር ሜዳ ጓዳው ነው፤ የሚዋጉትም ረኃብና ፍርሃት ናቸው፤ ድል ማድረጉ ወይም ድል መሆኑ የሚታወቀውም በቀረችው አንድ ቁና ማሽላ ባደረገው ነገር ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጓዳ ፈተና እንማማራለን፤ ምሳሌ አድርገን የምናነሣውም በሰሜን ወሎ በራያ ቆቦ ያለውን የጎብዬንና የአካባቢውን ሕዝብ ነው።

፩. ስለ አገሩና ስለ ዘመኑ

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቈረቈረች የቆላ ከተማ ናት። ከእርሷ በስተ ሰሜን ሮቢት አለች፤ ከሮቢትም ቀጥሎ ቆቦ ይገኛል። የራያ ቆቦ ሜዳ በምዕራብ በደጋው ተራራ፣ በምሥራቅ በዞብል ተራራ መካከል የተዘረጋ ሰፊ አገር ነው። ዝናሙ የማይታመን ስለሆነ ገበሬው ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ እርሻውን ያጠጣል፤ ከሁሉ አብልጦ የሚዘራውም ማሽላ ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብተው ይኖራሉ፤ በገበያውም አማርኛና ትግርኛ ተደባልቀው ይሰማሉ። ይህ ሕዝብ ክፉ ቀን ያላየ ሕዝብ አይደለም፤ የ1966ቱንና የ1977ቱን ረኃብ በዐይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም በመካከሉ አሉ።

በዘመናችን የመጣው መከራ ግን ተደራርቦ መጣ። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. የበረሓ አንበጣ በራያ ሜዳ ላይ ወርዶ ለአጨዳ የቀረበውን ሰብል በላ። አንዱ የተባይ ወገን ያስቀረውን ሌላው እንደ ጨረሰው ነቢዩ ኢዮኤል እያዘነ የተናገረው ነገር በፊታችን የሚፈጸም መሰለ። በዚያው ወር ጥቅምት 24 ቀን በትግራይ ጦርነት ተነሣ። በሐምሌ ወር 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ወደ ራያ ቆቦ ገቡ፤ አገሩም እስከ ታኅሣሥ ወር 2014 ዓ.ም. ድረስ በእነርሱ እጅ ቆየ።

እነዚህን ወራት ገበሬ በሚቈጥርበት አቈጣጠር እንመልከታቸው። ሐምሌ ጎተራ የሚጎድልበት ወር ነው፤ መስከረም እሸት የሚናፈቅበት ወር ነው፤ ኅዳር ማሽላ የሚቈረጥበት ወር ነው። እንግዲህ ጦርነቱ ከሰው ጋር ብቻ ሳይሆን ከዓመቱ እህል ጋርም ተገናኘ ማለት ነው። መብራት ጠፋ፤ ስልክ ተቋረጠ፤ ባንክ ተዘጋ። መብራትና ነዳጅ ስለ ታጣም ወፍጮ ቤቱ ቆመ፤ እናቶች ወደ ድንጋይ ወፍጮና ወደ መጅ ተመለሱ፤ መፍጨት ያቃታቸውም እህሉን ቀቅለው ንፍሮ አድርገው ለልጆቻቸው አቀረቡ። ደመወዝተኛው ገንዘቡ በባንክ ሳለ የጨው መግዣ አጣ። የሕክምና ቤቶች ስለ ተዘረፉም የስኳር በሽተኛው መድኃኒት፣ ነፍሰ ጡሯ አዋላጅ አጡ። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በቆቦ ከተማ መሣሪያ ያልያዙ ሰዎች ከየቤታቸውና ከየመንገዱ ተይዘው ተገደሉ፤ ብዙ ቤትም ዐዲሱን ዓመት በእንቍጣጣሽ አበባ ፈንታ በሙሾ ተቀበለ።

በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ጾመ ፍልሰታ በተፈጸመ በሁለተኛው ቀን፣ በቆቦ አካባቢ ውጊያው ዳግመኛ ተቀሰቀሰ፤ ሕዝቡም ገና የጣራውን ቀዳዳ ሳይደፍን እንደገና ተሰደደ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በፕሪቶሪያ ከተማ ጦርነቱን የሚያቆም ስምምነት ተፈረመ። ነገር ግን ከዚያው ዓመት ከሐምሌ ወር መጨረሻ አንሥቶ በአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ሌላ ውጊያ ስለ ተነሣ የቆላው ሰው ዕረፍት አላገኘም።

የመከራውን ስፋት ለማወቅ ሁለት ቍጥር ብቻ እንጥቀስ። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም በሰሜን ኢትዮጵያ የምግብ ርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 9.4 ሚሊዮን መድረሱን፣ ከዚህም 3.7 ሚሊዮኑ በአማራ ክልል መሆኑን አስታወቀ። በትግራይም በሰኔ ወር 2013 ዓ.ም. ከ350 ሺህ የሚበልጥ ሰው በመጨረሻው የረኃብ ደረጃ ላይ መድረሱን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ገልጸው ነበር። ይህን የምናነሣው መከራን ከመከራ ጋር ለማወዳደር አይደለም፤ የተራበ ሆድ ወገን እንደሌለው ለማሳሰብ ነው።

፪. ረኃብን ጦርነት ያመጣዋል፤ ጓዳ ያከፋፍለዋል

የዚህ ትምህርት ዋና ነገር ይህ ነው። ረኃብን ወደ አገር የሚያመጣው ጦርነት ነው፤ ከቤት ወደ ቤት የሚያከፋፍለው ግን ጦርነቱ ብቻ አይደለም። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ደብር ጥላ ሥር፣ በአንድ ዓይነት መከራ ውስጥ አንዱ ቤት ልጁን ሲቀብር ሌላው ቤት እህሉን ነቀዝ ሲበላበት ይገኛል። ይህን ልዩነት መድፍ አልሠራውም፤ የተዘጋ ደጅ ሠራው እንጂ። ስለ መድፉ የሚጠየቁ ሌሎች ናቸው፤ ስለ ደጁ የምንጠየቀው ግን እኛ ነን።

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 6 ሶርያውያን ሰማርያን በከበቡ ጊዜ የሆነው ተጽፏል። ለመብል የማይሆን የአህያ ራስ ሳይቀር በብዙ ብር ተሸጠ፤ እናቶችም ልጆቻቸውን እስከ መብላት ደረሱ። ልብ አድርጉ፤ መጽሐፉ ስለ ከበባው ሲነግረን ስለ ሠራዊቱ ብዛት አልዘረዘረም፤ ስለ ገበያው ዋጋና ስለ እናቲቱ ጓዳ ነገረን። ይህም እግዚአብሔር ጦርነትን የሚመለከትበት ስፍራ የት እንደሆነ ያስረዳል።

፫. አራት ጥያቄዎች

ካህን በእንዲህ ያለ ዘመን የሚጠየቀው ጥያቄ ብዙ ነው። የማንንም የንስሓ ምሥጢር ሳንገልጥ፣ በማንም ላይ ሳናመለክት፣ በብዙ ስፍራ የሚነሡትን አራቱን ብቻ እንመርምር።

አንደኛ፤ መሣሪያ የያዘ ሰው ወደ ቤት ገብቶ እህል አውጪ ሲላት፣ ማሽላዋን በጉድጓድ ቀብራ ሳለ «የለኝም» ያለች እናት በደለችን?

ውሸትን እውነት ብለን አንጠራም። ነገር ግን በግብፅ የዕብራውያንን ሕፃናት ያዳኑት አዋላጆች ለፈርዖን የመለሱትን መልስ፣ በኢያሪኮም ረዓብ ሰላዮቹን ስትሸሽግ የተናገረችውን እናስታውስ። መጻሕፍት ንግግራቸውን ሳይሆን ፍቅራቸውንና እምነታቸውን አመሰገኑ። ካህን ለዚህች እናት ንስሓ የሚሰጣት በምሕረት ነው፤ የልጆቿን እህል ማዳኗንም አያወግዝባትም። አንድ ነገር ግን ይጠይቃታል፤ ጉድጓዱ የተሰወረው ከማን ነው? ከዘራፊ ብቻ ከተሰወረ እናትነት ነው። ከጎረቤቷም ልጅ ልቅሶ ተሰውሮ እንደሆነ ግን ዘራፊው ከሄደ በኋላ የተከደነው ጉድጓድ ሳይሆን ልብ ነው።

ሁለተኛ፤ በችግሩ ወራት እህልን፣ ጨውንና ዘይትን በውድ ዋጋ የሸጠ ነጋዴ እንዴት ይፈረድበታል?

እዚህ ላይ ልዩነት እናድርግ። አህያውን ጭኖ፣ በሌሊት ተጕዞ፣ ነፍሱን አስይዞ ጨው ላመጣ ሰው የድካሙንና የኪሳራውን ዋጋ መጨመር አይከለከልም፤ እርሱ ባይደክም ጨው ጨርሶ አይገኝም ነበርና። የሚከሰሰው እህሉን በቤቱ ይዞ የረኃቡን መብሰል የሚጠባበቀው ነው። ሰሎሞን በምሳሌው እህል በሚያስቀር ሰው ላይ የሕዝብ ርግማን እንደሚወርድበት አስተምሯል፤ አሞጽም መስፈሪያ አሳንሰው ዋጋ አብልጠው ድኃውን በጫማ ዋጋ የሚገዙትን ገሥጿል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ369 ዓ.ም. ገደማ በቀጰዶቅያ ቂሣርያ ታላቅ ረኃብ በሆነ ጊዜ ቅዱስ ባስልዮስ ገና ቄስ ሳለ ያደረገው ለዚህ ምስክር ነው። ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ሰፊ ጎተራ ሊሠራ ስላሰበው ባለጠጋ የተነገረውን ወንጌል እያስተማረ ባለጸጎቹ ጎተራቸውን እንዲከፍቱ አደረገ፤ የተራቡትንም በአንድ ስፍራ ሰብስቦ በገዛ እጁ መገባቸው። ትምህርቱም የተረፈህ እንጀራ የራበው ሰው ገንዘብ ነው የሚል ነበረ።

ሦስተኛ፤ ለመጣው ተዋጊ እንጀራ የሰጠ ሰው ወገኑን እንደ ከዳ ይቈጠራልን?

ይህ ጥያቄ የወንድማማች ደም የሚያፋስስ ስለሆነ በጥንቃቄ እንመልሰው። አገሩን አንዱ ሠራዊት ለቆ ሌላው ሲገባ፣ «እገሌ አብልቷቸዋል፤ እገሊት ውኃ ሰጥታቸዋለች» የሚል ሹክሹክታ በየሰፈሩ ይነሣል። በትግርኛ የሚናገረው ጎረቤትም በቋንቋው ብቻ ይጠረጠራል። እንግዲህ እናስተውል፤ በፍርሃት ያበላ ሰው ተዘርፏል እንጂ አልሰጠም። ርኅራኄ ይዞት ለደከመ ወጣት ውኃ የሰጠም የኤልሳዕን ሥራ ሠርቷል። ነቢዩ የሶርያ ወታደሮች በእጁ ሲገቡ የእስራኤል ንጉሥ ልግደላቸውን ብሎ ቢጠይቀው ከልክሎት እንጀራና ውኃ አቅርቦ ወደ ጌታቸው እንዲሰዳቸው አዟልና። ጎረቤቱን በሐሰት የጠቈመ፣ ደሙ እንዲፈስ ያደረገ ሰው ግን ከየትኛውም ወገን ቢሆን ብርቱ ንስሓ ያስፈልገዋል። ምግብ መስጠት ክዳት አይደለም፤ ሰውን ለሞት አሳልፎ መስጠት ግን ክዳት ነው።

አራተኛ፤ በረኃብ ጊዜ ለጎረቤቱ እህል አበድሮ መሬቱን በወለድ አገድ የያዘ፣ በሬውንም በርካሽ የገዛ ሰው ሰላም ሲሆን ምን ያድርግ?

ለዚህ መልሱ በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 5 ይገኛል። የኢየሩሳሌም ቅጥር በሚሠራበት ጊዜ፣ ሕዝቡ በአንድ እጁ እየሠራ በሌላው መሣሪያ በያዘበት ወራት፣ ድሆቹና ሚስቶቻቸው በገዛ ወንድሞቻቸው ላይ ጮኹ። እርሻቸውንና ቤታቸውን ለእህል አስይዘው፣ ልጆቻቸውንም ለባርነት ሰጥተው ነበርና። ነህምያም ጠላት በውጭ አለና ይህ ነገር ይቆይ አላለም፤ ጉባኤ ሰብስቦ መኳንንቱን ገሠጸ፤ እርሻውን፣ ወይኑን፣ ቤቱንና የወሰዱትን ወለድ እንዲመልሱ አማላቸው። የእኛም ፍትሐ ነገሥት ስለ ብድርና ስለ አደራ በሰፊው የደነገገው የወንድም ችግር የወንድም መክበሪያ እንዳይሆን ነው። ስለዚህ መልሱ አጭር ነው፤ ይመልስ። ያበደረውን እህል በሰጠበት መስፈሪያ ይቀበል፤ መሬቱን ግን ለባለቤቱ ይልቀቅ። ዘኬዎስ በቤቱ ውስጥ ድኅነት የሆነለት ያለ አግባብ የወሰደውን አራት እጥፍ ለመመለስ በቈረጠ ጊዜ ነው።

፬. የጸሐፊው ኑዛዜ

ነህምያ ሌሎችን ሲገሥጽ እርሱና ወንድሞቹም ለሕዝቡ ማበደራቸውን አልሸሸገም፤ ራሱን ከተገሣጮቹ ጋር ቈጠረ። እኔም ይህን ሁሉ ጽፌ የራሴን ብደብቅ ትምህርቴ ከንቱ ይሆናል።

በዚያ ክፉ ወራት አንድ ቀን ማታ፣ ልጅ ያዘለች አንዲት ተፈናቃይ ሴት በደጄ ቆማ ስለ ማርያም አለች። እኔም በውስጥ ሆኜ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ መለስኋት። እርሷም ምንም ሳትመልስ ሄደች። በጎተራዬ ግን ማሽላ ነበረ፤ እስከ ኅዳር ስንት ቀን እንደሚያደርሰንም በጣቴ ቈጥሬ ዐውቄዋለሁ። ስሌቴ አልተሳሳተም፤ ማሽላው ኅዳር ሲገባ አለቀ። የተሳሳትሁት የእርሷን አንድ እፍኝ ከስሌቱ ውጭ በማድረጌ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ የራቁቱንና የተራበውን ወንድም በሰላም ሂድ፣ ጥገብ ብሎ ባዶ እጁን ስለሚያሰናብት ሰው የጻፈውን ለሠላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ። የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ ድኃን መመለስ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ያወቅሁት ግን በዚያ ማታ ነው። ሴቲቱን ከዚያ በኋላ ብፈልጋት አላገኘኋትም፤ ዕዳዋን ለሌሎች መክፈል ቀርቶልኛል።

፭. ለካህናትና ለምእመናን የሚሆን ምክር

እንግዲህ ያለፈው ለመጪው ትምህርት እንዲሆነን እነዚህን አምስት ነገሮች እንያዝ።

፩ኛ. ማኅበሩና ሰንበቴው የድግስ መሰብሰቢያ ብቻ አይሁኑ። በክፉ ቀን ጠላው ቢቀር፣ ዝክሩ በቁራሽና በንፍሮ ቢዘከር በዓሉ አይጎድልም። ነገር ግን በሰፈሩ ማን እንደ ራበው፣ ማን ታሞ እንደ ተኛ ማኅበርተኛው ዐውቆ ድርሻውን ይላክ። ለሙስሊሙም ጎረቤት እንዲሁ ይሁን፤ ደጉ ሳምራዊ የወደቀውን ሰው ሲያነሣ ሃይማኖቱን አልጠየቀውምና።

፪ኛ. የንስሓ አባት የንስሓ ልጆቹን ስለ ጾምና ስለ ጸሎት ሲጠይቅ ስለ ጓዳቸውም ይጠይቅ። ያለውን፣ የምታካፍለው ለማን ነው ይበለው፤ የሌለውን፣ ከስንት ቀን በፊት በላህ ይበለው። ድኃ በኀፍረት ዝም ይላልና መጀመሪያ የሚናገር ካህኑ ይሁን።

፫ኛ. የሰራፕታዋ መበለት የመጨረሻዋን እፍኝ ዱቄት ለኤልያስ መስጠቷን ስንሰብክ ለማን እንደምንሰብክ እንወቅ። ኤልያስ የለመናት የእግዚአብሔርን ተስፋ ይዞ፣ ራሱም ተርቦና ተሰድዶ ነው። ጎተራው የሞላ ሰው ለመበለት ሰራፕታን ቢሰብክ ትምህርት ሳይሆን ግፍ ይሆናል። ይህ ወንበር የሚሰጠው ለመበለቲቱ ነው፤ ባለ ጎተራው ተቀምጦ ይማር።

፬ኛ. ዘር የሌለው ገበሬ ከሰላም በኋላም ገና በጦርነት ውስጥ ነው። ዘሩን በልቶ፣ በሬውን ሸጦ ክረምት የገባበት ሰው እርሻው በፊቱ ተዘርግቶ ሳለ ይራባል። ስለዚህ ያለው ለሌለው ዘር ያለ ወለድ ያበድር፤ በሬውን አቀናጅቶ ይረስለት። ይህ ከምጽዋት ሁሉ የሚበልጥ ምጽዋት ነው፤ ሰውየውን ከሚቀጥለው ዓመት ልመና ያወጣዋልና።

፭ኛ. በጦርነቱ ጊዜ ጎረቤት ስላደረገው ነገር የሚወራው ወሬ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይቁም። የበደለ ቢኖር በሽማግሌና በሕግ ፊት ይጠየቅ፤ በሹክሹክታ ግን አይፈረድበት።

፮. መደምደሚያ

የሰማርያ ታሪክ በመጨረሻ እንዴት እንደ ተፈጸመ እናስታውስ። ሶርያውያን ደንግጠው በሸሹ ጊዜ ባዶውን ሰፈር አስቀድመው ያገኙት ከከተማው በር ውጭ የተጣሉ አራት ለምጻሞች ነበሩ። በሉ፤ ጠጡ፤ ብርና ልብስ ወስደው ሸሸጉ። ከዚያ በኋላ ግን እርስ በርሳቸው ተወቃቀሱ፤ ከተማው ተርቦ ሳለ ይህን የምሥራች ሸሽገው ቢያድሩ በደል እንደሚሆንባቸው ዐወቁ፤ በሌሊትም ሄደው ለበረኞቹ ተናገሩ። የተጣሉት ሰዎች የጣላቸውን ከተማ መገቡት። መጀመሪያ ሸሽገው ነበር፤ በኋላ ግን ተመለሱ። እግዚአብሔርም በመመለሳቸው ሠራ።

እኛም ከሸሸጉት ወገን ብንሆን እንኳ ለመመለስ ሌሊቱ ገና አላለፈም። በጎብዬ፣ በሮቢት፣ በቆቦ፣ በየስደተኛው ድንኳንም ዛሬ በደጅ የሚቆም ሰው አለ። መድፉን ዝም ማሰኘት በእጃችን አይደለም፤ የደጃችን መወርወሪያ ግን በእጃችን ነው።

የሰላም አምላክ ለአገራችን ሰላምን፣ ለተሰደዱት መመለስን፣ ለሞቱት ዕረፍተ ነፍስን፣ ለእኛም የሚራራ ልብን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።